ቢዝነስ ፕላኑ «ኤ» አገኘ፤ ቢዝነሱስ?

ጎበዝ! በዚህች አገር በየዓመቱ ስንት የዶሮ እርባታ እንደሚከፈት ታውቃላችሁ? ጁስ ቤቱን፣ ባልትናውን፣ «ኦንላይን ዴሊቨሪ»ውን እንተወውና ዶሮውን ብቻ እንቁጠር ብንል እንኳ አንዘልቀውም። ሁሉም ደግሞ አትራፊ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ይንገዳገዳሉ፣ በሁለተኛው ወጪያቸውን ይመልሳሉ፣ በሦስተኛው ቅርንጫፍ ይከፍታሉ። አንዲትም ዶሮ በፈንግል አትሞትም። የመኖ ዋጋ ንቅንቅ አይልም። ሑዳዴ ሲገባ እንቁላል መብላት የሚያቆም ሰው በዚያ ሰፈር የለም።

እርባታዎቹ ያሉት ወረቀት ላይ ነዋ! የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለ«ኢንተርፕረነርሺፕ» ኮርስ በቡድን ሠርተው የሚያስገቧቸው ቢዝነስ ፕላኖች ናቸው። የአምስት ሰው ስም ይሰፍርበታል፤ አንዱ ይጽፈዋል፣ አንዱ ያስጠርዘዋል፣ ሦስቱ ስማቸው በትክክል መጻፉን ያረጋግጣሉ። መምህሩም ምን ያድርግ፣ ከፊቱ የተቆለለው ክምር ነው፤ ሽፋኑ ላማረው «ኤ» ይሰጣል። ዶሮዎቹም እዚያው መደርደሪያ ላይ ያርፋሉ።

ተማሪውን ለመውቀስ አይደለም የተነሳሁት። መምህሩንም አይደለም። ጸቤ ከኮርሱ ጋር ነው። በትክክል ለመናገር፣ ኮርሱ ምን ያስፈትናል ከሚለው ነገር ጋር ነው።

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለስ ኢንተርፕረነርሺፕ ከጋራ ኮርሶቹ አንዱ ሆኖ ገባ። ከዚያ በፊትም እዚህና እዚያ በየዲፓርትመንቱ ይሰጥ ነበር። አሁን ግን ነገ ታሪክ የሚያጠናውም፣ ፊዚክስ የሚያጠናውም ገና ግቢውን በቅጡ ሳይለምድ «ሥራ ፈጠራ»ን ይማራል ተባለ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። «ንግድ ከእናት ማህፀን ይዘውት የሚወጡት እንጂ በትምህርት የሚገኝ አይደለም» ከሚሉት ወገንም አይደለሁም። የነጋዴ ልጅ ነጋዴ የሚሆነው ደሙ ውስጥ ስላለ ሳይሆን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ባንኮኒ ሥር ቁጭ ብሎ ስላየ ነው። ማየት ደግሞ መማር ነው። ስለዚህ ነገሩ ይማሩታል። የኔ ጥያቄ፣ ክፍል ውስጥ እየተማርን ያለነው እሱን ነው ወይ?

ከስሙ እንጀምር። ፈረንጆቹ «አንትረፕረነር» የሚሉትን እኛ «ሥራ ፈጣሪ» ብለን ተረጎምነው። ደስ የሚል ቃል ነው፤ ግን ጉድ የሠራንም እሱ ይመስለኛል። «ሥራ ፈጣሪ» ሲባል ጆሯችን አብሮ የሚሰማው ጎረቤቱን ነው፦ «ሥራ ፈት»። እናም ነገሩ በአማርኛ ገና ከመወለዱ የሥራ አጥነት መድኃኒት ሆኖ ቁጭ አለ። በየምረቃው ቀን መድረክ ላይ የሚወጡት የክብር እንግዳ ምን እንደሚሉ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ «ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ሥራ ፈጣሪ ሁኑ!» ጭብጨባ። ይህች ዓረፍተ ነገር ስትፈታ ምን ማለት ናት? ሥራ የለም ማለት ናት። ሥራ አለመኖሩ ደግሞ የመንግሥት ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ጋውን የለበሰው ልጅ የፈጠራ ማነስ ይሆናል። እንዴት ያለች ብልጥ ዓረፍተ ነገር!

ቃሉን ወደ ኢኮኖሚክስ ካስገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሪቻርድ ካንቲሎን ነው፤ ትውልዱ አየርላንድ፣ በፓሪስ በባንክ ሥራ የከበረ ሰው። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1755 በታተመው መጽሐፉ የሰጠው ትርጉም ስለ ሥራ አጥነት አንድም ቃል የለውም። አንትረፕረነር ማለት በታወቀ ዋጋ ገዝቶ በማይታወቅ ዋጋ የሚሸጥ ሰው ነው። በቃ። ደመወዝተኛ ነገ ስንት እንደሚያገኝ ያውቃል፤ እሱ አያውቅም። ገበሬውም፣ ባለሱቁም፣ (አትሳቁ) ለማኙም ሳይቀር በካንቲሎን ዝርዝር ውስጥ አለ።

ይህን ሚዛን ይዛችሁ ከስድስት ኪሎ ግቢ በር ላይ ታክሲ ያዙና ወደ ጉለሌ ሽቅብ ውጡ። አሜሪካ ኤምባሲን አልፋችሁ መንገዱ ወደ እንጦጦ ሲዳገት ሽሮ ሜዳ ናት። ከግራም ከቀኝም ነጠላው፣ ጋቢው፣ የሐበሻ ቀሚሱ ተሰቅሏል። ይሄ ከፊት ያለው ነው። ከሱቆቹ ጀርባ በየጉራንጉሩ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን የሚረግጥ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ የሚወረውር ሰው አለ። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ፣ ወይም የመጡት ልጆች ናቸው። አገሩ የሚለብሰው የበዓል ልብስ ከዚያ ጉድጓድ ነው የሚወጣው።

ይህ ሰው ድሩንና ማጉን ዛሬ በታወቀ ዋጋ ይገዛል፤ ገንዘብ ካጠረው በዱቤ። ቀናት ተቀምጦ ይሸምናል። ጨርሶ ሲቆርጠው ገበያው ስንት እንደሚለው አያውቅም። እስቲ ካንቲሎን ከመቃብር ተነስቶ ቢመጣ ወደ ማን ነው የሚሄደው? ሽሮ ሜዳ ወዳለው ጉድጓድ ነው ወይስ ስለ ካንቲሎን ምርጫ ጥያቄ ወደሚሞላው ክፍል?

«ካሽ ፍሎው» የሚባለውን ነገር ክፍል ውስጥ በሰንጠረዥ እናየዋለን። ሸማኔው በቀን መቁጠሪያ ያየዋል። መስከረም፣ ገና፣ ጥምቀት፤ ከዚያ የጥር ሠርግ። ከዚያ ሑዳዴ ይገባል፣ ሠርግ ይቆማል፣ ገበያው ጭር ይላል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሚያዝያና የግንቦት ሠርግ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኛ የለባሹ ተረት ነው የሚመስለን። ከሻጩ ወገን ቆማችሁ ስሙት እስቲ። ለጥምቀት ያልደረሰ ቀሚስ ማለት ክር ተገዝቶበት፣ ቀን ፈጅቶ፣ ገንዘብ ይዞ የተቀመጠ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሸማኔው ገበያው ጭር ባለበት ወቅት እየሸመነ ልያዘው ወይስ ላለው ዋጋ ልልቀቀው ብሎ ይወስናል። ያቺ ውሳኔ የኮርሱን ግማሽ ትሸፍናለች። የዕቁቡ ዕጣ መቼ እንደሚደርሰው፣ ቀድሞ ለማግኘት ማንን እንደሚለምን፣ ክር ነጋዴውን ሳያስቀይም ዱቤውን እንዴት እንደሚያራዝም ሲጨመርበት ደግሞ ሙሉ ሴሚስተር ይወጣዋል።

እንጦጦን ካነሳን አይቀር፣ ከተራራው ቅጠልና እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ማን ይረሳቸዋል? ከእነሱ መካከል በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን በሽመና የተኩ አሉ። ሙያ መቀየር፣ አዲስ ምርት መልመድ፣ አዲስ ደንበኛ መፈለግ፤ ይህ ሁሉ በኮርሱ ውስጥ በትልልቅ ቃላት የተጻፈ ነገር ነው።

እና ለምን አይወጣም ተማሪው? አንድ ታክሲ እኮ ነው! መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማናገር ግን እናፍራለን። ንቀት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም ስድብ ሆነው ነበርና። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ስድቡ በአደባባይ ቀነሰ እንጂ ከሆዳችን አልወጣም። የሸማኔውን ነጠላ ለብሰን እንዘንጣለን፤ ሸማኔውን ግን «ያልተማረ» እንለዋለን። ከእሱ የሚማር ነገር አለ ብሎ የሚያስብ ሥርዓተ ትምህርት ቢኖረን ኖሮ እስካሁን የሽሮ ሜዳ መንገድ በተማሪ እግር ይላጥ ነበር።

ወዲህ ደግሞ ሽሮ ሜዳን ገነት አድርጌ ልሸጥላችሁ አልፈልግም። ከጋሞ ደጋ «ትማራለህ» ተብለው መጥተው ከማለዳ እስከ ማታ ከመሸመኛው ያልተነሱ ሕፃናት ታሪክ ተደጋግሞ የተዘገበ ነው። ሸማኔውም ቢሆን ከሚሠራው ልብስ የሚደርሰው ትንሹ ቁራሽ ነው። አዲስ ጥለት የፈለሰፈ ሰው ሥራው በቀናት ውስጥ በየሱቁ ተሰቅሎ ያየዋል፤ ለፈለሰፈው የሚከፍል የለም። ይባስ ብሎ የጥበብ ሥዕል በማሽን የታተመበት ጨርቅ ከቻይና በጥቅል ይገባል፤ ከሩቅ ሲያዩት ጥለት፣ ሲነኩት ወረቀት። በቴሌግራምና በቲክቶክ ለዲሲና ለዱባይ የሚሸጠው ቀሚስ ትርፉ የሚቀረው ስልኩን ከያዘው ሰው ዘንድ ነው።

የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ሸማኔው የሚያውቀውን ዩኒቨርሲቲው አያውቅም፤ ሸማኔው የሚያጣውን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሊያውቀው ይገባ ነበር። ጥለትን በሕግ ማስጠበቅ፣ ገበያን ያለ ደላላ ማግኘት፣ ክርን ተባብሮ በጅምላ መግዛት፣ ማን ምን ያህል እንደሚበላ በቁጥር ማሳየት፤ ይሄ የሊቃውንት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቤትና መሬት የሌለው ሰው መሣሪያውንና የዕቃ ክምችቱን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል። ጥያቄ፦ ስንት የሕግ ተማሪ ነው አንድ ሸማኔ ክሩንና የተሸመነ ጋቢውን አስይዞ እንዲበደር ቅጽ የሞላለት? የዶሮ እርባታው ቢዝነስ ፕላን ላይ ግን «የብድር ምንጭ፦ ባንክ» ብለን በአንድ መስመር ጨርሰነዋል። ባንኩ ያበድረናል! በምን ዋስትና? በ«ኤ»ው ይሆናላ።

«አንተ ዝም ብለህ ትቀልዳለህ እንጂ ቢዝነስ ፕላን በዓለም ሁሉ የሚሰጥ ነው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አዎ ይሰጣል። ዓለም ግን ጥያቄ ማንሳት ከጀመረ ቆይቷል። ሳራስ ሳራስቫቲ የምትባል ተመራማሪ 27 የበሰሉ የድርጅት መሥራቾችን አስቀምጣ እንዴት እንደሚያስቡ መርምራ እ.ኤ.አ. በ2001 ጽፋለች። አብዛኞቹ የሚነሱት ከፕላን ሳይሆን ከእጃቸው ካለው ነው፦ ማን ነኝ፣ ምን አውቃለሁ፣ ማንን አውቃለሁ። የገበያ ጥናት የሚባለውንም እምብዛም አያምኑትም። የሽሮ ሜዳው ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሌላ ከምን ይነሳል?» ማለቱ አይቀርም።

ሌላም አለ። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 ትንንሽ ነጋዴዎችን በዕጣ ከፍለው ለአንዱ ወገን የተለመደውን የንግድ ሥልጠና ሰጡ፤ ሒሳብ አያያዝ፣ ገበያ፣ ፋይናንስ። ለሁለተኛው ወገን ደግሞ በሥነ ልቦና ባለሙያዎች የተቀረጸ፣ ቀድሞ መነሳትን፣ ዕድል መፈለግን፣ ሲወድቁ መልሶ መሞከርን የሚያለማምድ ሥልጠና ሰጡ። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። የሁለተኛው ወገን ትርፍ በ30 በመቶ ጨመረ። የተለመደውን ሥልጠና የወሰዱት ላይ የታየው 11 በመቶ ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን ከዜሮ የማይለይ ሆነ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። እንግዲህ እነዚያ ንግዱን ቀድመው የከፈቱ ሰዎች ናቸው! ምንም ያልከፈተ የ19 ዓመት ልጅ በትርጓሜና በፕላን ምን ሊያተርፍ ነው?

ከሰው አገር ሳንርቅ የራሳችንም አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ መደቡ፤ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ለአንዱ ወገን የፋብሪካው ሥራ፣ ለሌላው 300 ዶላር ገደማ ከአጭር ሥልጠና ጋር፣ ለሦስተኛው ምንም። ከዓመት በኋላ ገንዘቡን ያገኙት ገቢያቸው ከሌላው በሲሶ ግድም በልጦ ተገኘ። ደስ ይላል። አምስት ዓመት ቆይተው ሲመለሱ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል። እኩል ሆነዋል።

ይህን ውጤት የሚወዱትም የሚጠሉትም በየፊናቸው ይጠቅሱታል። እኔ የሚታየኝ ይሄ ነው፦ መጀመርን ትንሽ ገንዘብ ይፈታዋል። መዝለቅን ግን አይፈታውም። ትምህርቱም፣ ንግግሩም፣ ፈንዱም፣ ሪባን ቆረጣውም ሁሉ መጀመሪያው ላይ ይረባረባል። አምስተኛው ዓመት ላይ ማን አለ?

ስለ ፈንድ ካነሳን 2009 ዓ.ም.ን እናስታውስ። የወጣቱ ተቃውሞ አገር ባናወጠበት ማግስት መንግሥት 10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ አቋቋመ። ተደራጁ፣ ውሰዱ፣ ፍጠሩ ተባለ። በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ፣ ያው መንግሥት በየሱቁ እየገባ የቀን ገቢ ግምት አወጣ። ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች ነው የተባሉት የ«ሐ» ግብር ከፋዮች፣ ጸጉር ቆራጯ፣ ባለ ሻይ ቤቱ፣ ባለ ኪዮስኩ፣ «በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ» የሚል ቁጥር ደረሳቸው። ብዙዎች ደነገጡ፤ በአምቦ፣ በወሊሶና በሌሎች ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። በአንድ እጅ «ፍጠሩ»፣ በሌላው እጅ «የፈጠራችሁትን እኛ እንገምትላችሁ»። ይህን ታሪክ በኢንተርፕረነርሺፕ ፈተና ላይ አይታችሁት ታውቃላችሁ? «የንግድ ሥራን ከሚያደናቅፉ ውጫዊ ሁኔታዎች ሁለቱን ጥቀስ» የሚል ጥያቄ ግን አለ። መልሱም «ፖለቲካዊና ቴክኖሎጂያዊ» ነው። ሁለት ነጥብ።

ግን ኮርሱ ምንም አያስተምርም ብል ውሸት ይሆናል። አንድ ነገር በደንብ ያስተምራል፦ ቁጥር መፈብረክን። የዶሮ እርባታው ወርሃዊ ሽያጭ ከየት መጣ? ከጭንቅላት። የደንበኞች ብዛትስ? ከዚያው። የገበያ ጥናቱን መጠይቅ ማን ሞላው? ዶርም ውስጥ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ ተሞላ። ከዚያ ተማሪው ይመረቃል፤ ከቀናውም ቢሮ ይገባል። እዚያ ደግሞ የሩብ ዓመት ሪፖርት ይጠብቀዋል፦ «በበጀት ዓመቱ ለይህን ያህል ወጣቶች ቋሚ የሥራ ዕድል ተፈጥሯል።» እጁ ለምዷል። ይጽፈዋል። ሥራ ፈጣሪ አልሆነም አትበሉ፤ በአንድ ገጽ ላይ ስንት ሺህ ሥራ ፈጠረ!

የቤተልሔም ጥላሁንን ስም ሳይሰማ ኮርሱን የጨረሰ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘነበወርቅ አካባቢ ሶል ሬብልስን መሥርታ የጎማ ሶል ጫማን ለዓለም ገበያ አቀረበች። ይገባታል፣ ትጠቀስ። ግን እንዴት ነው የምትጠቀሰው? እንደ ገድል። በረባሶ እኮ ያኔም ነበር፤ የእጅ ባለሙያዎቹም ሰፈሩ ውስጥ ነበሩ። እሷ የጨመረችው ገበያውንና ስሙን ነው። ጥያቄው እሱ ላይ ነበር መቆም ያለበት፦ ከጫማው ዋጋ ጎማው ስንት ነው፣ ጉልበቱ ስንት ነው፣ ስሙ ስንት ነው? እኛ ግን «ራእይ ነበራት» ብለን ወደሚቀጥለው ስላይድ እናልፋለን።

ስም ያለውን ዋጋ እንደ አገር ሳንማረው የቀረን አይደለንም። የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ከተነሳን በኋላ ከስታርባክስ ጋር ስንወዛገብ ቆይተን በ1999 ዓ.ም. ተስማማን። ያንን የያዙት የኛው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ነበሩ። ለቡና ከተቻለ ለጥለት የማይሞከርበት ምክንያት ምንድን ነው? ይህ ለአንድ ክፍል ተማሪ የሴሚስተር ሥራ አይሆንም? ከዶሮው አይሻልም?

«ዩኒቨርሲቲ ከሰፈር ጋር እንዴት ይሠራል» ለሚል ደግሞ መልሱ እዚያው ጉለሌ ውስጥ ነው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የተቋቋመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር በጋራ ነው። ለዛፍ ተባብረን ተፈራርመናል። እሰየው። ከዛፉ በታች ስላለው ሰውዬስ?

እንግዲህ ተቃውሞ ብቻ እንዳይሆን የምጠይቀውን ልናገር። ቢዝነስ ፕላኑ ከፈተና ይውጣ። ጨርሶ አይጻፍ አላልኩም፤ ባንክ ሲጠይቅ ይጻፋል፣ ማርክ ግን አይያዝበት። በምትኩ አምስቱ ተማሪዎች አንድ ሸማኔ፣ አንድ ጸጉር ቤት፣ አንድ ጉልት ይዘው ሴሚስተሩን ሙሉ ሒሳቡን ይመዝግቡ። ክሩ በስንት ተገዛ፣ ስንት ቀን ፈጀ፣ ለነጋዴው በስንት ተሰጠ፣ ነጋዴው ለለባሹ በስንት ሸጠው። ልብሱን ተከትለው ከጉድጓዱ እስከ ሠርጉ አዳራሽ ይሂዱ። ደብተሩ ቆሻሻ ይሁን፣ ቁጥሩ ግን እውነት ይሁን። ባብሰን የሚባል የአሜሪካ ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹን በቡድን እየከፈለ፣ ከራሱ ካዝና እያበደረ እውነተኛ ንግድ ሲያስከፍት ኖሯል፤ ብድሩ ይመለሳል፣ ትርፉ ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። «እኛ ገንዘብ የለንም» ትሉ ይሆናል። ለአንድ የሆቴል ሥልጠና የሚወጣውን አበል፣ የሻይ እረፍቱንና የታሸገውን ውሃ ደምሩና እንነጋገር።

እና ደግሞ ሸማኔው ይከፈለው። ጊዜው ነው፤ መወርወሪያውን ባቆመ ቁጥር ከገቢው ይጎድላል። ለ«እንግዳ ተናጋሪ» ከፍለን እናውቃለን፤ ልዩነቱ ያኛው ከረባት ማሰሩ ነው።

«ይህ ሁሉ ሺህ ተማሪ ሽሮ ሜዳን ቢወርራት ምን ሊውጣት ነው?» የሚል አንድ ወዳጄ አለ። ትክክል ነው፤ ሁሉም ሽሮ ሜዳ አይሂድ። የመርካቶ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አለ፣ የአዲሱ ገበያ ባለ ጉልት አለች፣ በክልል ዩኒቨርሲቲ ያለው ደግሞ የራሱን ከተማ ገበያ ይያዝ። ባሕር ዳር ዓሣ አለ፣ አርባ ምንጭ ሙዝ አለ። ከግቢው አጥር ውጭ ገበያ የሌለው ዩኒቨርሲቲ አላውቅም። ሌላው ወዳጄ ደግሞ «ዩኒቨርሲቲ የሙያ ማሠልጠኛ አይደለም፣ ሐሳብ ነው የሚሰጠው» ይላል። እሺ፣ ሐሳብ ይስጥ። የሐሳብ ሥራ ይህች ናት፦ አንድ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ ሠርቶ፣ ሙያውን ከአባቱ ወርሶ፣ ገበያው ካጠገቡ ሆኖ ለምን አይከብርም? በዚህ ጥያቄ ላይ አንድ ሙሉ ፋኩልቲ ዕድሜውን ቢፈጅ አይቆጨኝም።

እኔ ፈተና አውጪ ብሆን ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆን ነበር። አንድ ነጠላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ «ይህ ልብስ በተሸጠበት ዋጋ ውስጥ የማን ድርሻ ስንት ነው? ከየት እንደሰማህ ጻፍ» እላለሁ። ምርጫ የለውም። ሞጁሉ ውስጥ መልሱ የለም፣ መምህሩም አያውቀው ይሆናል። አርሞ ለመመለስ እሱም ታክሲ ይዞ ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል።